ውሃ ሲጎድል የሚዘጋው ወደብ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ

አያቴ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ መርከብ ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጎሬ ተወልዶ ጎሬ የተቀበረ ሲራራ ነጋዴ ነው። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ቡና በበቅሎ ጭኖ ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለችው ጋምቤላ ሲያወርድ፣ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ሲወጣ ኖረ። ልጅ ሆኜ ለክረምት ዕረፍት ጎሬ በሄድን ቁጥር፣ ማታ እሳት ዳር አጠገቡ ቁጭ እልና የመርከቡን ጩኸት እንዲያሰማኝ እለምነዋለሁ። ሁለት እጁን አፉ ላይ ገጥሞ ረጅምና ወፍራም ድምፅ ያወጣል። "የውሃ ባቡር" ነበር የሚለው። ትምህርት ቤት መምህራችን የኢትዮጵያ ወደቦች ምጽዋና አሰብ ናቸው ሲሉ እጄን አውጥቼ "ጋምቤላም አለ" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም አላረሙኝም፣ አላመኑኝምም።

ያ ነገር በውስጤ ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር የዐሥር ቀን ፈቃድ ወሰድኩና አያቴ የሄደበትን መንገድ ሄድኩበት። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ፣ በየማታው ከጫርኩበት ደብተር ላይ ነው።

ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ በደሌ

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንወጣ ገና አልነጋም፤ ከተማው ግን በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው ለፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ እስከ ዛሬ በየደጁ ቆሻሻ ይነድዳል። ረዳቱ "መስኮት ዝጉ!" እያለ ይጮኻል፣ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ደግሞ "ተወው ይግባ ልጄ፣ በሽታ ያርቃል" ይሉታል። እስከ በደሌ 310 ብር ከፍያለሁ፤ ለቦርሳዬ ጭነት 20 ብር ለብቻው ነው።

ጊቤን ወርደን ወጥተን ጅማ ምሳ እስክንበላ ድረስ የሚጻፍ ነገር የለም። ከጅማ ወዲያ ግን ዓይን አይከደንም። ወሩ የቡና ለቀማ ነው። አጋሮ ላይ በየቤቱ ደጅ ሸራና ምንጣፍ ተዘርግቶ ቀይ እሸት ቡና ፀሐይ ይሞቃል፤ ልጆች በባዶ እግራቸው እየሄዱበት ያገላብጡታል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በመስኮት የሚገባው ሽታ የምናውቀው የተቆላ ቡና ሽታ አይደለም። እንደ ጠላ ጥንስስ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ያለ ነው።

ዴዴሳን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ተብሎ የወረደው ጎማም ንፋስ አልነበረውም። ሹፌሩ ጎማውን በሞተር ብስክሌት አስጭኖ ሲልክ እኛ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። አንዲት የአካባቢው ሴት የተቀቀለ በቆሎ በሰፌድ ይዛ መጣች። ልትሸጥልን መስሎን ብር ስናወጣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረች። አንዱ ተሳፋሪ "መንገደኛ ናችሁ፣ ብሉ ነው የምትለው" ብሎ ተረጎመልን። አዲስ አበባ አንድ እሸት በቆሎ 10 ብር እንደምንገዛ እያሰብኩ ሁለት በላሁ።

በደሌ ስንገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። የ200 ብር አልጋ፣ በባልዲ የተሰጠኝ ሙቅ ውሃ፣ የዓርብ ሽሮ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ኅዳር 13 — ጎሬ

ከበደሌ መቱ ያለው መንገድ በያዮ ደን ውስጥ ያልፋል። ይህ ደን ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው፤ ዩኔስኮም በባዮስፌርነት መዝግቦታል። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በሚኒባስ 20 ብር።

ጎሬ ከ2000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች የጉም ከተማ ናት። ኅዳር ቢሆንም ካፊያ ተቀበለኝ። የአባቴ እህት፣ እቴቴ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ ነበር። 77 ዓመቷ ነው። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ዛሬ በሕይወት ያለችውም እሷ ብቻ ናት።

"ከሳሽ" አለችኝ ገና ሳትስመኝ። "አዲስ አበባ እህል የለም?"

ቡና ቀላ ሠርታ ጠበቀችኝ። እሸት ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሳ፣ ጨው ነስንሳበት፣ በትንሽ ገበቴ ታቀርበዋለች። አንድ በአንድ እያነሱ ይቆረጥሙታል። ቅቤው ጣት ላይ ይቀራል፣ ቡናው ጥርስ ሥር መጀመሪያ ይመርና ወዲያው ይለሰልሳል። አያቴ በመንገድ ላይ የሚበላው ይህንኑ እንደነበር የነገረችኝ ያን ማታ ነው። "አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ከከተተ እስከ ማታ ምግብ አይልም" አለች።

ኅዳር 14 — ጎሬ፣ ቅበላ

እሑድ ነው፣ በማግስቱ ጾመ ነቢያት ይገባል። እቴቴ ከሌሊት ጀምራ ዶሮ ስትሠራ አደረች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ሞላ፤ ማን ልጅ ነሽ፣ የማን ልጅ ልጅ ነሽ እየተባልኩ ዋልኩ።

ይቺን ጭር ያለች ከተማ ለማያውቃት ሰው አንድ ነገር ልናገር። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው ከተማ ነበረች፣ የኢሉባቦር መቀመጫ። የእንግሊዝ ቆንስል ይኖርባት ነበር። ጃንሆይ በ1928 ከአገር ሲወጡ የቀረው መንግሥት የተሰበሰበው እዚህ ነው፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ራስ እምሩ ከዚህ ሆነው ነው ያልተያዘውን አገር ለማስተዳደር የሞከሩት። ያኔ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛቸው ዋናው በር ወደ ታች፣ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ነበር። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ጎሬን እንደ አገር ጫፍ እናያታለን። ለአያቴ ግን ጎሬ መሐል ነበረች፤ ወደ ሸዋ ወር የሚፈጅ መንገድ፣ ወደ መርከቡ አምስት ቀን።

ከሰዓት እንግዳው ሲበተን እቴቴን ስለ ንግዱ ጠየቅኳት። የነገረችኝ ነገር ከመጽሐፍ ያላገኘሁት ነው።

"ቡናው የሚለቀመው አሁን ነው፣ ኅዳር ታኅሣሥ። መርከቡ ግን የሚመጣው በሰኔ ነው። እና አባቴ በክረምት ቢወርድ በቅሎው ጭቃ ይበላዋል፣ ወንዙ ይሞላበታል። ስለዚህ በበጋ ያወርድና ለነጋዴዎቹ መጋዘን ያስረክባል። ቡናው እዚያ ተኝቶ ውሃውን ይጠብቃል።"

"ነጋዴዎቹ እነማን ነበሩ?"

"ግሪክ አለ፣ ሶርያ አለ፣ አርመን አለ። አባቴ ከአንዱ ግሪክ ጋር ነበር የሚሠራው። አንድ በቅሎ አምስት ፈረሱላ ትሸከማለች። እሱ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ እናንተ እንደምትጸልዩት ይጸልይ ነበር።"

ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ አጎቷ፣ የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ በአንዱ ጉዞ ንዳድ ይዞት ጋምቤላ መውረጃ መንገድ ላይ ባለችው ቡሬ እንደቀረ ነገረችኝ። ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚፈራው ሽፍታ ሳይሆን ንዳዱን ነበር። ዕቃ አራግፎ በዚያው ሌሊት ዳገት መጀመር ነው ልማዱ። ወንድሙ ግን አንድ ቀን አደረ። አያቴ ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም፤ ለእኔ የመርከቡን ድምፅ ብቻ ነው የተወልኝ።

ኅዳር 15 — ቡሬ፣ ጋምቤላ

ለሚኒባሱ 130 ብር ከፈልኩ። እቴቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቃልኝ፣ መኪናው ሲነሳ በመስኮት "ጋምቤላ የወረደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፣ ጨው አምጪልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቡሬ ሹፌሩ ቡና ለመጠጣት አሥር ደቂቃ ሰጠን። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ ቆምኩ። የአያቴ ወንድም የትኛው አፈር ሥር እንዳለ የሚያሳይ ሰው የለም።

ከቡሬ በኋላ መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከጎሬ የለበስኩት ሹራብ መጀመሪያ ከትከሻዬ፣ ቀጥሎ ከወገቤ ወረደ። ኮባና ቡናው አልቆ ረጅም ሣርና ቀይ አፈር መጣ። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ላይ ነች፤ ከጎሬ ቁልቁል ወደ 1500 ሜትር መሆኑ ነው። በቅሎ ይህን በጭነት ስትወርድ ጉልበቷ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አሰብኩ።

ጋምቤላ ሳንደርስ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ ተጠየቅን። የእኔ የለም። ማታ ለእቴቴ ፎቶዬን ሳሳያት ትራስጌ ጥዬው መምጣቴ ትዝ አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ እኔን ይጠብቃል፣ ፀሐዩ እንደ ምጣድ ነው። ፈታሹ ወጣት ትሁት ነበር፣ ግን "ያለ መታወቂያ አላሳልፍም" አለ። በዚህ ጠረፍ ስንት ነገር እንደሚያልፍ ሲታሰብ ልክ ነው። ከኋላዬ ተቀምጦ የመጣ አንድ የኑዌር ልጅ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ፣ ወርዶ ስለ እኔ መሟገት ጀመረ። "እናቷ ጋ ስትሰናበት አይቻታለሁ፣ መምህርት ናት" ይላል፤ እቴቴን እናቴ አድርጓታል። በመጨረሻ እቴቴ ጋ ተደውሎ፣ መታወቂያዬን አንሥታ ቁጥሩን በጎረቤት ልጅ አስነብባ፣ በደብተር ተመዝግቤ ተለቀቅሁ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ማንም ተሳፋሪ አላጉረመረመብኝም።

ክፍሉ 350 ብር፤ ማራገቢያና አጎበር አለው። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ማራገቢያው ቆመ። አንሶላውን ውሃ ነክሬ ተከናንቤ አደርኩ።

ኅዳር 16 — ባሮ ዳር

በጠዋት ተነሥቼ ወደ ወንዙ ሄድኩ። አኙዋኮች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። እንደ አባይ በገደል ተውጦ አይሮጥም፤ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ቀስ ያለ ውሃ ነው። ክረምቱ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታልና ዳርና ዳሩ መጉደል ጀምሯል፤ ውሃው የነበረበት ከፍታ ዳርቻው ላይ እንደ መቀነት ታትሞ ይታያል። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ጎብጠው ዓሣ የሚበለትበትን ቦታ ይጠብቃሉ።

የወደቡን ነገር የሚያውቅ ሰው ብዬ ስጠይቅ ወደ አንድ አኙዋክ አባት ጥላ ሥር መሩኝ። ዕድሜያቸው ከእቴቴ አይርቅም። በወጣትነታቸው የመርከብ ጭነት አራጋፊ ነበሩ፤ አባታቸውም ለመርከቡ ማገዶ ይቆልሉ ነበር። የሚናገሩት አማርኛ ጥርት ያለ ነው፣ አልፎ አልፎ ዐረብኛ ይገባበታል።

"አባባ፣ መርከቡ የት ነበር የሚቆመው?" አልኳቸው።

ሳይመልሱ ተነሡና ከፊቴ ሄዱ። ከዳርቻው ጭቃ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ፣ ክንድ የሚያህል የዛገ ብረት አሳዩኝ። ጫፉ በገመድ ተፈግፍጎ ቦይ አውጥቷል፤ ጣቴን ብከትበት እስከ መገጣጠሚያው ገባ። "እዚህ ይታሰራል" አሉ። "ግራና ቀኝ ጀልባ አዝሎ ነው የሚመጣው። ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል። እኛ ልጆች ስንሮጥ ውሾቹም ይከተሉናል።"

ከዚያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ገጥመው ጮኹ። ረጅም፣ ወፍራም። አያቴ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ያው ራሱ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እሳቸውም ምነው አላሉኝም፤ እስክረጋጋ ቆመው ጠበቁኝ።

የወደቡ ታሪክ የሚጀምረው ከውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የሱዳንን ወሰን ሲፈራረሙ፣ በውሉ አራተኛ አንቀጽ ባሮ ዳር መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም። ለንግድ ጣቢያ ብቻ እንጂ ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም። የኪራዩ ዘመን ደግሞ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምዕራቡ ቡና በበቅሎ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ ጅቡቲ ወርዶ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። በባሮ ግን ከጋምቤላ ካርቱም 1366 ኪሎ ሜትር በውሃ ነው። መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው የሱዳን ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በክረምት ወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ ዐሥራ አንድ ቀን። ለካ የአያቴ "የውሃ ባቡር" ከዚህም ይመጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ባቡር ነበር።

አንድ ከተማ ሁለት ሹም ነበረው። በተከራየው መሬት ላይ የሱዳን መንግሥት እንግሊዛዊ ሹም ፖሊሶቹን ይዞ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ደግሞ ቀረጡን ይሰበስባል። አባባ ይህን ከአባታቸው የሰሙት እንዲህ ነው፤ "ቡናው አንድ ነው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያዩት ዓይኖች ግን ብዙ ናቸው።" ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ውሃው በኅዳር ሲጎድል የመጨረሻው መርከብ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ሰኔ ከተማው በመጋዘኑ ዙሪያ ነው የሚኖረው፤ ነጋዴው በቅሎ ይቀበላል፣ ሹሙ መዝገብ ይጽፋል፣ ሁሉም ዝናብ ይጠብቃል። በዓመት ለግማሹ መርከብ የማያይ ወደብ ማስተዳደር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ትንኝ፣ አንድ ሌሊት ብቻ አድሬ ገባኝ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነው። ስለ ጋምቤላ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ሹሞቹና ስለ ውሉ ነው። በቅሎ የጫነው ደገኛና ጆንያ የተሸከመው አኙዋክ እዚህ ጭቃ ላይ ተገናኝተው ዕቃ ይረካከቡ ነበር፤ የማን መዝገብ ውስጥ አሉ? የአባባ አባትና የእኔ አያት አንድን ጆንያ ተቀባብለው ይሆናል።

ኅዳር 17 — ቢሮና ድልድይ

የድሮ ወረቀት ካለ ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰላምታው ደስ ይላል፣ ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፤ ቁልፍ የያዘው ሰው ግን የለም። ከሰዓት ተመለሺ ተባልኩ፣ ከሰዓትም የለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ እያነበብኩ ጠበቅኩ። ከጎኔ አኙዋክ፣ ኑዌርና መዠንገር ባለጉዳዮች እርስ በርስ በአማርኛ ይጨዋወታሉ፤ አዲስ አበባ ተቀምጠን የማናስበው አማርኛ ነው፣ አጭርና ለስላሳ። በዳርቻው በሄድኩበት ሁሉ ግን "እዚህ ወደብ ነበር" የሚል አንድ ሰሌዳ አላየሁም። ይህ ያሳዝነኛል፤ አባባ ሲያልፉ ያንን የዛገ ብረት ማን ያሳያል?

ወደ ማታ የባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ። ጠባቂው ሮጦ መጣ። ድልድይ ማንሣት ክልክል ነው፣ አላወቅኩም ነበር። ሁለቱን ፎቶ ፊቱ አጠፋሁና "ይቅርታ ወንድሜ" አልኩት፤ "ወንዙን አንሺ፣ ወደዚያ ዞረሽ" ብሎ ራሱ አቅጣጫ አሳየኝ።

እራት ላይ የጾሙ ጥያቄ መጣ። የባሮ ዓሣ ገና ከወንዙ የወጣ፣ በሙሉው የተጠበሰ፣ 90 ብር ነው። አዲስ አበባ ግማሹን ለዚህ ዋጋ አላገኝም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደገኛ ናት፣ ማመንታቴን አይታ "እዚህ አገር ዓሣ ካልበላሽ ምን ትበያለሽ?" አለችኝ። እኔ ግን እናቴ ያስለመደችኝ ዓሣም ሳይነካ መጾም ነው። ሽሮ በላሁ፣ ሽታውን ብቻ ወሰድኩ።

ወደቡ እንዴት ወደ እኛ እንደተመለሰ ልጨምር። ጣልያን በወረራው ዘመን ጋምቤላን ይዞ ነበር፤ በመጋቢት 1933 የቤልጂየም ኮንጎ ወታደሮች ከዚያ ሁሉ ሩቅ አገር መጥተው አስለቀቁት፣ ቀጥለውም ሽቅብ ሄደው በዚያው ክረምት መግቢያ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ላይ የጣልያኑን ጄኔራል ጋዜራን ማረኩ። አባባ ያኔ ገና አልተወለዱም፤ እናታቸው ግን እነዚያን ከሌላ አገር የመጡ ጥቁር ወታደሮች ያስታውሱ ነበር አሉ። ከዚያ ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በራሱ ቃል አለቀ። ምኒልክ ያስገቡት ያ ዓረፍተ ነገር ከ50 ዓመት በላይ ጠብቆ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. መሬቱን መለሰ። አባባ ልጅ ሆነው ባንዲራው ሲሰቀል ቆመው አይተዋል። መርከቡ ከዚያም በኋላ ይመጣ ነበር፤ የሱዳን ጦርነት እየበረታ ሲሄድ ግን ቀረ።

ኅዳር 18 — ኢታንግ

የኬላው ተማሪ ኢታንግ እናቱ ቤት ጋበዘኝ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ 70 ብር፣ ሜዳ ለጥ ብሎ እስከ ሰማይ። የኩሌና የቲርኪዲ የስደተኛ መጠለያዎች በዚሁ ወረዳ ናቸው፤ በመንገዱ የደቡብ ሱዳን ሰው በእግሩ ይመላለሳል። እንግሊዞች መጀመሪያ በ1904 እ.ኤ.አ. የሰፈሩት ኢታንግ ነበር፤ በ1907 ነው ወደ ጋምቤላ የወጡት። ቦታውን ሳይ ገባኝ፤ በቅሎ ይህን ተጨማሪ ሜዳ በዚህ ሙቀት አትችልም። ጋምቤላ ለደጋው ትቀርባለች።

እናቱ "ማሌ" ብላ ተቀበለችኝ። ወልወል፣ ከዱቄት የሚሠራውን የኑዌር ምግብ፣ በትኩስ ወተት አቀረበች። ጾም ነው ብዬ ልጁ ሲተረጉምላት አልተቀየመችም፤ አሰበች፣ ወጣች፣ በቆሎ ቀቅላ መጣች። ዴዴሳ ዳገት ላይ የበላሁት ታወሰኝ። ከጅማ እስከ ኢታንግ በማላውቃቸው ሁለት ሴቶች እጅ የተቀቀለ በቆሎ በላሁ፣ ሁለቱም ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ኅዳር 19 — ተመልሶ ጎሬ

ከመሳፈሬ በፊት ከአንድ ሱቅ ሁለት ኪሎ ጨው ገዛሁ፣ 24 ብር። ማሸጊያው ላይ አፍዴራ ይላል። በአያቴ ዘመን በካርቱም በኩል በወንዝ የመጣው ጨው ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ከአፋር ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል፣ በመጣሁበት መንገድ ወርዶ እዚህ ደርሷል። እኔ መልሼ ሽቅብ ተሸከምኩት።

ኬላው ላይ ያው ፈታሽ አወቀኝና በእጁ እለፉ አለ። ከቡሬ በላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

እቴቴ ጨውን ተቀብላ ፌስታሉን ቀደደች፣ በጣቷ ቀመሰች፣ ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው ያረጀ ቅል ውስጥ ገለበጠችው። ያ ቅል የአያቴ ነው። መታወቂያዬን ከትራስጌ አምጥታ ሰጠችኝና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

"ውሃው እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጎድሏል፣ እቴቴ።"

ደጅ ምንጣፍ ላይ የተሰጣውን ቡናዋን በበሩ አየት አደረገች።

"እንግዲህ አባቴ በቅሎ የሚጭነው አሁን ነበር" አለች።